ጀርባዬን ሰጥቼ የጨረስኩት ጌም

ድምፁን ሰምቼ ነው ያወቅኩት። ምስሉንማ ከየት አውቄው!

የምሠራበት መድኃኒት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ጭር ይላል። ባልደረባዬ በሁለት እጅ የምትያዝ ትንሽዬ የጌም ማጫወቻ ገዝቶ ነበርና ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጦ ውስጧ የታጨቁትን የድሮ ጌሞች አንዱን እየከፈተ ሌላውን ይዘጋል። ድንገት አንድ በር ሲጢጥ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ። ዝግ ያለ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ የሚያቃስት የእንጨት በር። በእጄ የያዝኩት የሳል ሽሮፕ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። የክንዴ ፀጉር በሙሉ ቆመ።

«እሱን እንዳትዘጋው!» ብዬ ጮህኩ። ባልደረባዬ ኃላፊያችን የመጣ መስሎት ማጫወቻዋን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ወሸቃት።

እንዴት ብዬ ላስረዳው? ያንን በር በልጅነቴ አንድ ክረምት ሙሉ ስሰማው ከርሜያለሁ፤ አንድም ቀን ግን አላየሁትም። ልትስቁ ትችላላችሁ። ጌሙ የሚታይበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ከተጫዋቾቹ እኩል ለፍቼበታለሁ፣ እስከ መጨረሻውም አብሬ ደርሻለሁ። ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ።

ነገሩ የመጣው ከእናቴ ነው። የምንኖረው እዚሁ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ነበር፤ ከአውቶቡሶቹ ጡሩምባ ቀድሞ መንቃት የማይቻልበት ሰፈር። እናቴ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው። ጴንጤ ናት፤ ሳቅ ትወዳለች፣ በጸሎት ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። ታላቅ ወንድሜ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ማግስት ጀምሮ ጌም ቤት ተተክሎ ይውላል። እግር ኳስ እስከሆነ ድረስ እናቴ ግድ አልነበራትም። ኋላ ግን የጌም ቤቱ ባለቤት አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ አንድ የሚያስፈራ ጌም ሲዲ ይዞ መጣ፤ ወሬው ደግሞ ወዲያው እናቴ ጆሮ ገባ።

ወንድሜን ብትከለክለው ተደብቆ እንደሚሄድ ታውቃለች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረች። «አንቺ አብረሽው ሂጂና ጠብቂው» አለችኝ። «ግን የሰይጣኑን ሥዕል ዓይንሽ እንዳያይ። ቃል ግቢልኝ።» ቃል ገባሁ። ጆሮዬስ ብዬ አለመጠየቄ በጀኝ!

ጌም ቤቱ ከጫማ ሱቆቹ ጀርባ የተቀጠለ የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ስገባ የሚቀበለኝ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፦ አዲስ የላስቲክ ጫማ፣ በዝናብ የራሰ ሹራብ፣ ሲግል ውሎ አቧራው የሚቃጠል ቴሌቪዥን። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ልጆቹ ግንባር ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። እኔ የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጥኩ፤ ፊቴን ወደ ተጫዋቾቹ፣ ጀርባዬን ወደ ሰይጣኑ። ባለቤቱ አይቶኝ «ይቺ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው? ፎቶ ልታነሣን ነው እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቁብኝ። ወንድሜ ያፈረውን ማፈር አልነግራችሁም።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ጌሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድ የተቆለፈ በር ላይ ደርሰው ቀናት ሙሉ ሲወዘገቡ ከረሙ። የጌሙ ሰዎች አይናገሩም፣ ነገሩ ሁሉ በጽሑፍ ነው የሚመጣው፤ የሚመጣው ጽሑፍ ደግሞ የክፍል መማሪያው ውስጥ የሌለ ቃል ሁሉ ነው። እኔ እናቴ ከሥራዋ የምታመጣቸውን፣ የውጭ እንግዶች ትተዋቸው የሚሄዱትን የልጆች መጻሕፍት እያነበብኩ ያደግኩ ነኝ። ከዕድሜዬ በላይ እንግሊዝኛ አውቅ ነበር። ግን ዞሬ ማንበብ አልችልም፤ ቃል አለብኝ።

መላውን ያገኘው የጫማ ነጋዴው ልጅ ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ይማር ነበር፤ አባቱ ከፊት ለፊት ባለው ሱቅ ጫማ ይሸጣል፤ ልጁ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሲሄድ ነጭ ቆቡን አድርጎ በጌም ቤቱ በር እያለፈ «ያለ እኔ እንዳትጀምሩ!» ይለናል። «እኔ ፊደሉን ልጥራልሽ፣ አንቺ ፍቺው» አለኝ። እሱ እየቆጠረ ይጠራል፤ እኔ ጉልበቴ ላይ በጣቴ እጽፋለሁ። ቁልፉ ከግድግዳው ሰዓት ጀርባ ነው የሚል ነበር። ስነግራቸው ቤቱ ተደበላለቀ! ወንድሜ ቁልፉን አገኘ፤ ያ በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፤ እኔ የበሩን ድምፅ ከኋላዬ፣ የልጆቹን የተከፈተ አፍ ከፊት ለፊቴ አገኘሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ሳልመጣ ጌሙ አይጀመርም። የሚስቅብኝ ልጅ ጠፋ።

ታሪኩን በትርጉም ነው የማውቀው። አንድ ወጣት በዝናብ መሀል ሐይቅ ዳር ወዳለ የተዘጋ ትልቅ ሆቴል ይመጣል። የጠፋች ትንሽ እህቱን እየፈለገ ነው። በየክፍሉ ማስታወሻ ትታለታለች፤ ሆቴሉ ውስጥ ደግሞ ልጆቹ «ረጅሙ» ብለው የሰየሙት፣ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ አንድ ነገር አለ። እኔ ሆቴሉን የሣልኩት እዚሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር ባየሁት፣ ጦጣዎች ጣራው ላይ በሚሯሯጡበት ሆቴል ነው። ረጅሙን ደግሞ በአባ ኮዳ። የአሣ ገበያው ትልቅ ወፍ አባ ኮዳ፣ ራሰ በራው፣ ጋቢ እንደለበሰ ሽማግሌ አንገቱን ቀብሮ የሚቆመው። የእግሩ ኮቴ ከጀርባዬ ሲመጣ፣ ያ ምንቃር ማጅራቴ ላይ ሊያርፍ ነው እያልኩ ትከሻዬን እሰበስባለሁ። ግን አልዞርም። ፊታቸውን አያለሁ። ወንድሜ ሲፈራ የታችኛውን ከንፈሩን ይነክሳል። የጫማ ነጋዴው ልጅ ሲፈራ ይስቃል። ከቱላ በብስክሌት የሚመጣ አንድ ጓደኛቸው ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲደነግጥ አማርኛው ጠፍቶት በሲዳምኛ ነው የሚጮኸው። የትኛው ፊት ምን እንደሚመጣ እንደሚነግረኝ ለምጄው ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር ከእነሱ በላይ የማየው እኔ ነበርኩ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ረጅሙ አልነበረም፤ ልጅቷ ናት። ማስታወሻዎቿን ሁሉ የፈታሁት እኔ ነኛ! «ወንድሜ፣ እዚህ ብርድ ነው» ትላለች። «ወንድሜ፣ ኮቴህን የሰማሁ መስሎኝ ነበር» ትላለች። እየፈታሁ ድምፄ ይቆራረጣል። በየቀኑ ቤት ስንሄድ ወንድሜን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ትገኛለች?» እሱም አያውቅም። የጌም ቤቱ ሚሞሪ በእግር ኳስ ተሞልቶ ስለነበር የደረስንበትን ሴቭ ማድረግ አይቻልም፤ መብራት በፈረቃ ነው፤ ሰው ተራ ይጠብቃል። በየቀኑ ከዝናቡ እንጀምራለን፣ በየቀኑ መሀል ላይ ይቋረጣል። የሆቴሉን መጨረሻ ያየ ሰው ከመሀላችን አልነበረም።

አላስችል ሲለኝ ለጸሎት አቀረብኳት። እሁድ ጠዋት የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ ለአያቱ ጉልበት፣ ሌላዋ ለአባቷ ሥራ ያስጸልያሉ። እኔም እጄን አወጣሁ። «አንዲት ልጅ ጠፍታለች። ትልቅ ቤት ውስጥ ናት። ወንድሟ እየፈለጋት ነው» አልኩ። የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ ጠፍታለች፣ እየፈለጋት ነው፣ ታዲያ ውሸቱ የቱ ላይ ነው? አስተማሪዋ ደረቷን ያዘች። ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው አጥብቀው ጸለዩላት። አንዱማ አለቀሰ።

ጉዱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። አስተማሪዋ ነገሩን ለእናቶች አድርሳው ኖሮ ሴቶቹ ተሰብስበው ቤታችን መጡ። ቤተሰቡን ሊያጽናኑ! «ሰፈሩን አሳዩንና እንሂድ» ይላሉ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ወንድሜ በጓሮ በር ወጥቶ ጠፋ። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወንድሜ የወጣበትን በር አየችና ገባት። «መልእክታችሁን እኔ አደርሳለሁ፤ እናንተ በጸሎት አስቧት» ብላ ሸኘቻቸው። በሩን እንደዘጋች «የጌሙ ናት አይደል?» አለችኝ። በአንገቴ አዎ አልኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለችና «እንግዲህ ተጸልዮላታል። የተጸለየበትን መልሰን አንወስድም» አለች።

በማግስቱ ጌም ቤት ውስጥ ወንድሜ ሲያወራው የቱላው ልጅ ከአግዳሚው ወድቆ ሳቀ። ባለቤቱም ሳቀ። ያልሳቀው የጫማ ነጋዴው ልጅ ብቻ ነው። «እኔም በዱዓ አስባታለሁ» አለኝ፤ ቀልዱን ነው ብዬ ፊቱን አየሁት፣ ቀልዱን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተለወጡ። ወንድሜ ጆይስቲኩን ከመያዙ በፊት «ጸልየሻል?» ይለኛል። የቱላው ልጅ ሳይቀር «የእኛ ልጅ» ይላት ጀመር። ልጅቷ የሁላችን ሆነች።

ክረምቱ ሊያልቅ አካባቢ ባለቤቱ መርዶ ነገረን፤ ጌሙን አንሥቶ ቤቱን ፑል ቤት ሊያደርገው ነው። የሚቀረን ቅዳሜ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ ቅዳሜን በሙሉ ለእኛ ይተዉልን» ብለን ለመንነው። አሻፈረኝ ብሎ ነበር፤ በኋላ ለካ እሱም መጨረሻውን ማወቅ አምሮታል፣ እሺ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሳንቡሳችንን ይዘን ገባን። እንደ ደንቡ የመብራት ፈረቃው የእኛ ነበር። እኔ ሣጥኔ ላይ ሆኜ በአንድ በኩል ለልጅቷ፣ በሌላ በኩል ለመብራቱ እጸልያለሁ።

የዚያን ቀን ወንድሜ የተጫወተውን አጨዋወት ማን ይርሳው! መንገዱን እጁ ያውቀዋል። ሰዓቱ፣ ቁልፉ፣ ደረጃው፣ ምድር ቤቱ። ዝናቡ ውጭ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከኋላዬ የሆቴሉን መስኮት ይደበድባል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም። ሳንቡሳው ሳይነካ ቀዘቀዘ። ከዚህ በፊት ወደማናውቀው ፎቅ ወጣን። አዲስ ፊደል፣ አዲስ ማስታወሻ፤ የጫማ ነጋዴው ልጅ ድምፁ እስኪሻክር ይጠራል፣ እኔ ጉልበቴ እስኪቀላ እጽፋለሁ። ረጅሙ መጣ። ወንድሜ ከንፈሩን ነከሰ፣ የቱላው ልጅ በሲዳምኛ ጮኸ፣ ባለቤቱ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከዚያ አንድ ነገር በከባዱ ወደቀ። አመለጥን! ሁሉም ዘለሉ፣ እኔም ሣጥኔ ላይ ሆኜ ዘለልኩ። «የመጨረሻው በር ነው!» አለ ወንድሜ።

በሩ ሲጢጥ አለ። የጌሙ ዝናብ ቆመ። ከኋላዬ ወፍ ተሰማኝ።

ፊታቸውን አያለሁ። ማንም አይፈራም፣ ማንም አይስቅም። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ዓይኑ ሞላና እንባው በጉንጩ ወረደ። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። «ምን መጣ? ተጽፏል? ጥሩልኛ!» እላለሁ፤ የሚጠራልኝ የለም። ተገኘች? አልተገኘችም? ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ተገኘች!» ብሎ ጮኸ የጫማ ነጋዴው ልጅ። «ወላሂ ተገኘች! አልሐምዱሊላህ!»

ከአፍታ በኋላ የቱላው ልጅም «ተገኘች!» አለ። ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠራረገና «አዎ፣ ተገኝታለች» አለ። ወንድሜ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀልኝ። እኔ በደስታ አብጄ ነበር! «ምን አለችው? ምን አለችው?» ስል የጫማ ነጋዴው ልጅ ትንሽ አሰብ አደረገና «'ለምን ቆየህ?' አለችው» አለኝ። እኔም አለቀስኩ። እያለቀስኩ ሳንቡሳ በላሁ።

በማግስቱ እሁድ ምስክርነት ተነሥቼ ሰጠሁ፤ «የጠፋችው ልጅ ተገኝታለች!» ሃሌሉያው ጣራውን አነሣው፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያንን እሁድ የሚያህል እሁድ በሕይወቴ አላየሁም።

እናም ባለፈው ዓርብ ማጫወቻዋን ከባልደረባዬ ተዋስኩ። ከመክፈቴ በፊት እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ አሁን ላየው እችላለሁ?» ስላት «ስንት ዓመትሽ ነው አንቺ?» አለችኝ። «ለማንኛውም ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አልኳት። «እይው። ግን በቀን እይው» አለች።

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ከፍቼ ገባሁ! የሚገርመው ምን መሰላችሁ፤ ምስሉ ምንም አያስፈራም። ሆቴሉ የካርቶን ቤት ነው። ወጣቱ ሲዞር የተጫነ ጋሪ ነው የሚመስለው። ረጅሙን ሳየው ሳቄ መጣ፤ ፊቱ በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ነው፣ የእኔ አባ ኮዳ በስንት ጣዕሙ! ደግሞ አሁን በፈለጉበት ቦታ ሴቭ ይደረጋል፤ ሞት ቀሏል። እኛ ሞትን የምንፈራው እንደገና ከዝናቡ መጀመር ስላለ ነበር። ድምፁ ግን! በጆሮ ማዳመጫ ኮቴው ሲመጣ ከነልጅነቴ ነው የተመለሰው። ትከሻዬ ራሱ ተሰበሰበ። የስክሪኗ ጥቁር ያ የድሮው ቴሌቪዥን ከሚያሳየው ግራጫ ጋር አይገናኝም፤ ማጫወቻዋም ስለምታንስ ፊት ድረስ አስጠግቶ መያዝ ግድ ነው፣ አብሮ የሚፈራ ሰው ደግሞ አጠገብ የለም። ማስታወሻዎቿን ጠሪ ሳያስፈልገኝ አነበብኳቸው። ከትርጉሜ ብዙ የሚታረም አላገኘሁም፤ ኮራሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጨረሻው በር ላይ ደረስኩ። ልቤ ይመታል፤ እያወቅኩት ይመታል። «ለምን ቆየህ?» ስትለው በዓይኔ ላይ ነዋ! በሩ ሲጢጥ አለ። ዝናቡ ቆመ። ወፏ ጮኸች። የአትክልት ቦታ ነው፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ድንጋይ ቆሟል። ድንጋዩ ላይ ስሟ ተጽፏል። ወንድሟ አጠገቡ ተቀመጠ። ሌላ ምንም አልመጣም። የሠሩት ሰዎች ስም ወደ ላይ ይወጣ ጀመር፤ እኔ ግን የምትናገር መስሎኝ እስከ መጨረሻው ጠበቅኳት።

ወንድሜ ዛሬ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፣ ድምፁን የምሰማው አልፎ አልፎ ነው። የድንጋዩን ፎቶ ላክሁለት። ብዙ ቆይቶ የድምፅ መልእክት መጣ፤ «አየሽው እንዴ... እኔማ አፌ ተዘግቶ ነበር፣ እውነቱን አላወጣውም ነበር። መጀመሪያ የጮኸውን እሱን ጠይቂው።»

የጫማ ነጋዴው ልጅ ዛሬ ራሱ ጫማ ነጋዴ ሆኗል፤ በአባቱ ቦታ። በሱቁ በር ሳልፍ ሰላም እንባባላለን፣ ቤተሰብ እንጠያየቃለን፣ በቃ። ሰኞ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ለአንዲት እናት የተማሪ ጫማ ያሳይ ነበር፤ እስክትወጣ ጠበቅኩና ማጫወቻዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ድንጋዩ ላይ ሴቭ አድርጌው ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋና የጫማ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«ተቀየምሽኝ?» አለኝ።

«'ለምን ቆየህ?' ያለችውስ?» አልኩት።

«ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ዝም ማለት አልቻልኩማ» አለና ሳቀ፤ ሲፈራ የሚስቀውን ሳቅ። አንቺ ያን ያህል ጸልየሽላት ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ምን ልበል፣ አለኝ። ወንድሜ የደስታ እንባ ያነባ መስሎኝ እድሜዬን ሙሉ ያንን ፊት ሳስታውስ የኖርኩት እኔ ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። ልቀየመው ብል እንኳ በየት በኩል?

«ታውቃለህ፣ ትንሽ ብትቆይ ዞሬ አየው ነበር» አልኩት። «ለእናቴ የገባሁትን ቃል አፍርሼ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «አንገትሽ መዞር ሲጀምር አይቼ ነው የጮህኩት።»